ስለ ሜክ የወጣው ጽሑፍ ይታረምልን

ሰላም አዘጋጆች፣ በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ስለ ሜክ (ኮድን ወደ ፕሮግራም የሚቀይሩ ትዕዛዞችን የሚያስኬድ መሣሪያ) አጠቃቀም ያወጣችሁትን እዚህ ሀዋሳ ልጆች ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም እየተቀባበሉት ነው፣ ለዛ ነው እርማት አውጡ የምለው። በአማርኛ መውጣቱ ራሱ ደስ ይላል፣ እሱ ላይ ጸብ የለኝም።

ግን "ሜክ ፋይሉን ከፍቶ አይቶ የቀየራችሁትን ያውቃል" ብላችኋል። ኧረ አያውቅም! ስቱዋርት ፌልድማን ቤል ላብስ እያለ በፈረንጆቹ 1976 ከሠራው ጀምሮ ሜክ የሚያየው ፋይሉ መቼ ሴቭ እንደተደረገ ብቻ ነው፣ ኮዱ ከፕሮግራሙ በኋላ ከተነካ እንደገና ይሠራዋል፣ ካልሆነ "አፕ ቱ ዴት" ብሎ ቁጭ። የፋይል ይዘት የሚያዩ እንደ ባዝል ያሉ ሌሎች ተመሳሳይ መሣሪያዎች አሉ፣ ጸሐፊው ከነሱ ጋር ሳይምታታበት አልቀረም። ይሄ ደግሞ ለኛ ተራ ነገር አይደለም፣ እዚህ ብዙ ተማሪ የያዘው ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፣ ቻርጅ አይዝም፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪም አልቃለች፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰዓቱ ስንት ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ይነሳል። ልጁ ኮዱን አስተካክሎ ሴቭ ያደርጋል፣ ሜክ ግን ትናንት ከተሠራው ፕሮግራም የቆየ ነው ብሎ አይነካውም፣ እሱ ደግሞ ኮዴ ነው የተበላሸው ብሎ ሲቆፍር ያመሻል። ሰዓቱን አስተካክሎ ፋይሉን ድጋሚ ሴቭ ማድረግ ነው፣ ወይ ሰረዝ ትልቁ ቢ (make -B) ብሎ ሁሉንም በግድ ማሠራት።

ሌላው "ሰረዝ ጄ ብቻ ጻፉ፣ የኮሩን ቁጥር ራሱ ይመርጣል" ያላችሁት። ሰረዝ ጄ (make -j) ሜክ ስንት ሥራ ባንዴ እንዲሠራ መንገሪያ ነው፣ ኮር ደግሞ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ የሥራ ክፍል። ቁጥር ካልሰጣችሁት ገደብ የለውም፣ የቻለውን ሁሉ ባንዴ ይለቀዋል፣ 4 ጊጋ ራም ላይ ትልቅ ፕሮጀክት ከሆነ ማውሱ እንኳን አይንቀሳቀስም። ሊኑክስ ላይ ኤንፕሮክ (nproc፣ የኮሩን ብዛት የሚናገር ትዕዛዝ) ብላችሁ የሚወጣውን ቁጥር ከጄ ቀጥሎ ጻፉ።

ምሳሌው ሜክፋይል (ሜክ የሚያነበው የትዕዛዝ ፋይል) ላይ ደግሞ ትዕዛዙ ያለበት መስመር የሚጀምረው በታብ መሆን አለበት፣ ጋዜጣ ላይ ታብ ይሁን ስፔስ በዓይን አይለይም፣ ስለዚህ "እዚህ ጋ ታብ ተጫኑ" ብላችሁ በጽሑፍ ጨምሩበት፣ አለዚያ "ሚሲንግ ሴፓሬተር" ብሎ ይቆምባቸዋል። እርማቱን ስታወጡ እባካችሁ እዛው ገጽ ላይ አድርጉት፣ ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል ከሆነ ማንም ፎቶ አያነሳውም።

አንባቢያችሁ፣ ከሀዋሳ አቶቴ