ለማዕድን ቢሮ ኃላፊው፦ ፋን መኖሩን ብቻ አይጠይቁልን

ክቡር ኃላፊ ሰላምዎ ይብዛ። እኔ የአምባሰል ሰው ነኝ፣ ውጫሌ አካባቢ የድንጋይ ከሰል እንዳለ እርስዎ ከኔ በላይ ስለሚያውቁት እሱን ላስረዳዎ አይደለም፣ የመጣሁት ስለ አየር ነው።

አምና የአጎቴ ልጅ የሚሠራበት ዋሻ ሄጄ ነበር፣ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሰዎቹም ክፉዎች አይደሉም እንደውም "ፋን ገዛን" ብለው ኩራታቸው ሌላ ነው። ፋኑ ዋሻው አፍ ላይ ተተክሏል፣ ጀነሬተሩ ደግሞ ከጎኑ ሁለት እርምጃ አይሞላም፣ ጭሱን ቡልቅ ሲያደርግ ፋኑ ስቦ ወደ ውስጥ ይልከዋል። ከሰዓት ላይ ልጁ ራሴን ብሎ ወጣና አስመለሰው፣ ቁርስ ስላልበላህ ነው ብለው ሻይ በዳቦ ሰጥተውት ተመልሶ ገባ። ኧረ በአላህ! ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው እኮ ይሄው ጋዝ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸት አይታይ።

እና የምለምንዎ ፈቃድ ሲሰጥም ሲታደስም "ፋን አለ" ተብሎ ራይት ተደርጎ እንዳይታለፍ ነው። ከየት ነው የሚስበው፣ የት ነው የሚያደርሰው? አፍ ላይ የቆመ ፋን ብቻውን አየሩን እዛው በር ላይ ነው የሚያዞረው፣ ጫፍ ላይ የሚቆፍረው ልጅ የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል። ቱቦ እስከሚቆፈርበት ድረስ መድረስ አለበት፣ ቁፋሮው በገፋ ቁጥርም መቀጠል አለበት። ሁለተኛ መውጫም ያስፈልጋል፣ እንግሊዝ አገር ሃርትሊ የሚባለው የከሰል ማዕድን አንድ አፍ ብቻ ነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1862 የፓምፑ ትልቅ ብረት ተሰብሮ ወድቆ ሲዘጋው 204 ሰው ውስጥ አለቀ፣ ሁለት መውጫ ይኑር የሚል ሕግ ያወጡት በዛው ዓመት ነው።

ከሰል ደግሞ ሚቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ አለው። አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ከሆነ በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል፣ ከአየር ስለሚቀልም ጣሪያ ስር ይጠራቀማል። ፋኑ ማታ ጠፍቶ ካደረ ጠዋት መጀመሪያ የሚገባው ሰው ምን እንደሚጠብቀው ያስቡት። ድሮ አየር ሲያንስ ኩራዙ ደብዘዝ ብሎ ይናገር ነበር አሉ፣ አሁን ሁሉም በባትሪ ነው የሚገባው ባትሪ ደግሞ ምንም አይናገርም (ኩራዝ ይመለስ እያልኩ አይደለም፣ እሱማ ራሱ ነው የሚያፈነዳው)። ስለዚህ ሰው ከመግባቱ በፊት ፋኑ ሠርቶ ጋዙ በመለኪያ ይታይ፣ መለኪያዋ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ነገር ናት፣ ለየወረዳው ባለሙያ አንድ አንድ ብትሰጡ ምናለ?

ጀነሬተሩን እኛው ገመድ ጨምረን ራቅ አድርገን ከነፋሱ በታች አስቀምጠነዋል። ቱቦው ግን እስካሁን አልተገዛም፣ ልጁም ዛሬ ጠዋት ገብቷል።