የሚፈርሱትን ነባር ቤቶች ለሚያድሳቸው ሰው ሽጡ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ቤቶች ልማትና አስተዳደር ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ተዘግተው የሚፈርሱ ነባር የመንግሥት ቤቶች በእድሳት ግዴታ እንዲሸጡ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

በአራዳና በጉለሌ ነባር ቤቶችን በመጠገን የምተዳደር አናጺ ነኝ። የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። በእናንተ እጅ ያሉ፣ ተከራይ ወጥቶባቸው በሰንሰለት የተቆለፉ ወይም አንድ ጎናቸው ወድቆ በሌላው ጎን ሰው የሚኖርባቸው አሮጌ ቤቶች አድሶ ሊኖርባቸው ወይም ሊሠራባቸው ለሚፈልግ ሰው ይሸጡ። ከገዥው የሚጠየቀው ትልቁ ክፍያም እድሳቱ ራሱ ይሁን።

ቤት እንዴት እንደሚፈርስ በየቀኑ ስለማየው ከዚያ ልጀምር። ጥፋቱ የሚነሳው ከላይ ነው። የቆርቆሮው ሚስማር ይላላል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ በመጀመሪያው ክረምት ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው መሰላል አቁሞ ቢወጣ፣ ጥቂት ሚስማር ቢመታና አሸንዳውን ከቅጠል ቢያጸዳ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። የሚወጣ ሰው ከጠፋ ውሃው ወደ ግድግዳው አናት ይወርዳል። የዳግማዊ ምኒልክና የዘውዲቱ ዘመን ቤቶቻችን አብዛኞቹ በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ወይም በጭቃ የተመረገ የእንጨት ግድግዳ ያላቸው ናቸው። ጭቃ ደረቅ ሆኖ ከኖረ መቶ ዓመት ይሸከማል፤ ከላይ ውሃ ከገባበት ግን ታጥቦ ይወጣና ድንጋዩን የሚያያይዘው ነገር ይጠፋል። ከዚያ ወራጁ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባል፣ ሰገነቱ ወደ መንገዱ ያዘነብላል። ኮሚቴ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። «ለአደጋ የሚያሰጋ» ተብሎ ቀይ ቀለም ይቀባበታል።

በቅን ልቦና የሚደረግ ጥገናም የሚያፈርሰው ቤት ብዙ ነው። የጭቃ ግድግዳ ከውጭ በሲሚንቶ ሲለሰን ለጊዜው ያምራል፤ ውስጥ የገባው እርጥበት ግን መውጫ ያጣል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ልስኑ ሆዱን ነፍቶ በሙሉ ገጹ ይረግፋል፣ ከጀርባው ያለው ጭቃም አብሮት ይወርዳል። ለእንዲህ ያለ ግድግዳ የሚስማማው ኖራ ነው። ኖራን አብላልቶ መለሰን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በከተማችን ጥቂት ቀርተዋል፤ ሥራ ስለማያገኙ ለልጆቻቸው እንኳ አላስተማሩም።

ባለፈው ዓመት በሠራሁበት አንድ ቤት ከመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ፈታነው። ቀለሙ ተላጦ፣ መቃኑ ጠቁሮ፣ ያየው ሁሉ ለማገዶ ካልሆነ አይረባም ብሎት ነበር። በመላጊያ አንድ ሁለት ጊዜ ስገፋው ቀዩ የጥድ እንጨት ብቅ አለ፣ ክፍሉን በሙሉ የጥድ ሽታ ሞላው። ማእዘኑ በሚስማር አልተመታም፤ እንጨት በእንጨት ተሰክቶ በእንጨት ችንካር ተይዟል። የሠራውን ሰው ስም የሚያውቅ የለም። ያ መስኮት ዛሬ ተመልሶ ቦታው ላይ ገብቷል፣ ያለ ችግር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከዚያ ቤት ሦስት በር አለፍ ብሎ ግን ተመሳሳይ መስኮቶች ያሉት ሌላ ቤት ክዳኑ ተገንጥሎ ዝናብ ይወርድበታል። ልዩነቱ የመጀመሪያው ቤት ባለቤት ያለው መሆኑ ብቻ ነው።

ባለቤት የጠፋው መቼ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። አዋጁ ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ጣራ ሰጥቷል፤ ይህን አልክድም፣ በእነዚያ ቤቶች ያደጉ ልጆችም ዛሬ ከተማዋን የያዙ ሰዎች ናቸው። ቤቶቹን ማን ይጠግናል የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም። የብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች የወር ኪራይ ለአንድ ኪሎ ሚስማር አይበቃም፤ አከራዩ በዚህ ገቢ ሊያድስ አይችልም። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ላድስ ቢል ክዳን ለመቀየር እንኳ ፈቃድ ማምጣት አለበት፤ ፈቃዱን ቢያገኝም ያወጣው ገንዘብ የእሱ ሆኖ አይመዘገብለትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 አንድ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ የገነባው ቋሚ ንብረትና ያደረገው ቋሚ መሻሻል የእሱ መሆኑን ይደነግጋል። የቀበሌ ቤት ተከራይ ግን አርባ ዓመት የኖረበትን ቤት ቢያድስ ያተረፈው የለም። በዚህ ሁኔታ መሰላል አቁሞ የማይወጣ ሰው ሰነፍ ሊባል አይገባም።

ባለቤት ሲገኝ ምን እንደሚሆን ከተማችን ራሷ ታሳየናለች። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ ቆሞ ይገኛል። ጣይቱ ሆቴል በ1967ቱ ለውጥ ወደ መንግሥት ገብቶ በኋላ ወደ ግል ተላልፏል። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ክፉኛ ቢጎዳውም ተጠግኖ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ገንዘቡን ያፈሰሰበት ሰው ስላለ አመዱ ላይ አልተተወም። በሌላ በኩል ከማዘጋጃ ቤቱ ብዙም የማይርቀው የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት አለ። ዛሬ ያለው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት የከተማዋ አስተዳደር ራሱ ይሠራበት የነበረ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዓመታት ሲጎዳ ኖሯል።

የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ሲጀመር ፒያሳ የሆነውን አይተናል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃም ተስተካክሏል፤ ከእኔ ጋር የሚሠሩ ልጆችም በዚያ ሥራ እንጀራ በልተዋል። ግን ከደካማ ግንባታዎች ጋር ብዙ ሊድኑ የሚችሉ ቤቶች አብረው ሄደዋል፣ ጎረቤትም ተበትኗል። የቀሩት ለዚህ ነው የሚያሳስቡኝ።

አሁን ወደ ሽያጩ። «እንሸጣለን» ብላችሁ በተለመደው መንገድ ጨረታ ብታወጡ ቤቶቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ያልቃሉ። በሊዝ ጨረታ የሚያሸንፈው ከፍ ያለ ዋጋና ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ያቀረበ ነው። በአራዳ ውስጥ ለአንድ መቶ ካሬ ሜትር ከፍተኛውን ዋጋ የሚሰጥ ሰው የሚገዛው ቦታውን ነው፤ አሮጌው ቤት ለእሱ የማፍረሻ ወጪ ነው። እንዲህ ያለው ገዥ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ያን ያህል ገንዘብ የከፈለ ሰው ባለ ብዙ ፎቅ ካልሠራ ገንዘቡ አይመለስለትም። ስለዚህ የሽያጩ ሥርዓት ከሥሩ የተለየ መሆን አለበት። የመነሻ ዋጋው ዝቅተኛ ሆኖ ይቆረጥ፤ ተወዳዳሪዎች የሚበላለጡት በእድሳት እቅዳቸው፣ በሚቀጥሩት ባለሙያና ሥራውን ለመጨረስ ባላቸው አቅም ይሁን። ገዥው ማስያዣ ገንዘብ በባንክ ዝግ ሒሳብ ያስገባ፤ በተቆረጠለት ጊዜ ካላደሰ ማስያዣውም ቤቱም ይመለስ። ቤቱ እንደማይፈርስና የመንገድ ገጹ እንደማይለወጥ ካርታው ላይ ይጻፍ፣ እድሳቱ ሳይረጋገጥም ለሦስተኛ ወገን አይዛወር።

ይህ ያልተሞከረ ነገር አይደለም። በጣሊያን ሲሲሊ እንደ ጋንጂና ሙሶሜሊ ያሉ ከተሞች ሰው የተወአቸውን ቤቶች ለስም ያህል በአንድ ዩሮ ሸጠዋል፤ ገዥው ግን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የማደስ ግዴታ ይገባል፣ ማስያዣም ያስይዛል። የእነሱ ችግር ሰው ማጣት ነው፣ የእኛ ደግሞ የቦታ ውድነት፤ ስለዚህ ግዴታው እኛ ዘንድ ከእነሱም በላይ መጥበቅ አለበት።

ከሁሉ በፊት ተከራዩ። ሰው ያለበት ቤት ሲሸጥ የመጀመሪያው መብት የነዋሪው ይሁን። በአንድ ግቢ ውስጥ አራት አምስት ቤተሰብ የሚኖር ከሆነ ማኅበር መሥርተው አንድ ላይ እንዲገዙ ይፈቀድላቸው። ካርታ ካገኙ ባንክ ያበድራቸዋል፤ ዛሬ ግን የሚያሲዙት የላቸውም። መግዛት የማይችሉ አዛውንቶች አሉ፤ በአንድ ክፍል የሚኖሩ፣ ጡረታቸው ለወር አስቤዛ የማይበቃ እናቶችን አውቃለሁ። እነሱን አስወጥቶ የሚደረግ እድሳት ቢቀር ይሻለኛል። ገዥው በዚያው ግቢ መኖሪያቸውን አድሶ በቀድሞው ኪራይ እንዲያኖራቸው በውሉ ይገደድ።

«ቅርስ አይሸጥም» የሚሉ ወገኖች ሐሳባቸው ከፍቅር የመነጨ ነውና አከብረዋለሁ። ሆኖም የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ ይዞታ ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል፤ ባለቤቱም በራሱ ወጪ እንዲጠብቀው ያስገድደዋል። ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ከፊሉን የሚሸፍንበትን መንገድም ይከፍታል። ያ አንቀጽ ሥራ ላይ ቢውልና ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ለዚሁ ቢመደብ ብዙ ቤት ይድናል። በእድሳት ላይ ላለ ቤትም አዲሱ የንብረት ታክስ ለጥቂት ዓመታት ቢነሳለት ከተማዋ የምታጣው ጥቂት ነው።

የግል የሆኑ ባዶ ቤቶችም አሉ። አንዱ ወራሽ አዲስ አበባ፣ አንዱ ዋሽንግተን፣ አንዱ ስቶክሆልም ሆኖ ውክልናና ክርክር ሲመላለስ ቤቱ ተዘግቶ ይበሰብሳል። እነዚህን ለመሸጥ የሚስማሙ ወራሾች ቤቱን ከሚያድስ ገዥ ጋር የሚገናኙበት አንድ ዴስክ በቢሯችሁ ቢከፈት እንኳ ትልቅ ነገር ነው።

አድልዎ እንዳይኖር የቤቶቹ ዝርዝር፣ የተወዳዳሪዎች እቅድና የተሰጠው ነጥብ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። የነባር ቤቶችን ጉዳት የሚገመግም ቡድን ስታቋቁሙም ከመሐንዲሶቹ ጋር ቢያንስ አንድ አናጺና አንድ ግንበኛ ይካተት፤ የትኛው ግድግዳ እንደሚድን በእጅ ነክቶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

የሽያጩ መመሪያ ተዘጋጅቶ እስኪጸድቅ ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ። ክረምት ግን መመሪያ አይጠብቅም። ስለዚህ እስከዚያው ድረስ ሁለት ነገር እንድትፈቅዱ እለምናለሁ፦ ተከራዮች ያለ ተጨማሪ ፈቃድ ክዳንና አሸንዳ እንዲጠግኑ የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ለወረዳዎች ይላክ፤ የተቆለፉት ባዶ ቤቶች ደግሞ ከሰኔ በፊት ተከፍተው ጣራቸው በላስቲክም ሆነ በአሮጌ ቆርቆሮ ይሸፈን። ለዚህ ሁለተኛው ሥራ እኔና አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ያለ ክፍያ ለመውጣት ዝግጁ ነን። ቁልፉን የያዘው ሰው ማን እንደሆነ ብቻ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአራዳ አናጺ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን