ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፦ ስለተላጡት ዋንዛዎች
ጎንደር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ለልጆቻችሁ የምታደርጉትን ክትትል እያመሰገንን፣ የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና ጥር 18 ቀን እንደሚጀምር እናስታውቃለን።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከኳስ ሜዳው ዳር ካሉት ዋንዛዎች የሦስቱ ልጥ ዙሪያውን ተገፍፎ የጎል ማሰሪያ ሆኗል። ያደረጉት ተማሪዎች እስከ ሰኔ ችግኝ እንዲያጠጡ በመወሰናችን ቅሬታ ደርሶናል። ቅሬታችሁን በአክብሮት ተቀብለናል፤ ውሳኔው ግን አይነሳም።

«ዛፉ እኮ ለምልሞ ቆሟል፤ ምን ሆነ?» ትላላችሁ። ውሃና በውሃው የሟሙት ማዕድናት ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጡት እንጨቱ ውስጥ ባሉት የዛይለም ቱቦዎች ነው። ቅጠሉ ውሃ ባተነነ ቁጥር በቱቦው ያለው ውሃ ተያይዞ ወደ ላይ ይሳባል። ልጆቹ እንጨቱን ስላልነኩት ቅጠሉ ለጊዜው አይጠወልግም። የገፈፉት ልጥ ግን ፍሎየም ያለበት ነው፤ ቅጠል የሠራው ስኳር ወደ ሥር የሚወርደው በዚያ ነው። አሁን ሥሩ የሚኖረው ባጠራቀመው ስታርች ነው። ስንቁ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊበቃ ይችላል። ሲያልቅ አዲስ የሥር ጫፍ ማብቀል ያቆማል፤ ውሃ የሚስቡት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ደግሞ የሚበቅሉት ከዚያ ጫፍ አጠገብ ነው። ቅጠሉ የሚረግፈው ያን ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ልጆቹ 8ኛ ክፍል ይሆናሉ፤ አጥፊም አይገኝም።

ጣሊያናዊው ማርሴሎ ማልፒጊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቅርፊቱን በቀለበት መልክ ሲያነሳ፣ ከቀለበቱ በላይ ያለው ግንድ አብጦ አይቷል። የእኛዎቹም ከላይኛው ጠርዝ ማበጥ ጀምረዋል፤ ምግቡ መውረጃ አጥቶ እዚያው ተከማችቷል።

ማዳበሪያ ለማዋጣት የጠየቃችሁ ወላጆች፣ አሳቢነታችሁን እናመሰግናለን፤ እባካችሁ አታዋጡ። የጎደለው ከአፈር የሚወጣው አይደለም፤ ከቅጠል የሚወርደው ነው። ዩሪያ ከመጠን በላይ ሥር አጠገብ ሲደፋ ደግሞ የአፈሩ ውሃ ጨው ይበዛበትና ሥሩ ውሃ በመሳብ ፈንታ ያለውን ያጣል። «ማዳበሪያ አቃጠለው» የሚባለው ይኸው ነው።

«ዛፍ ጠንካራ ነው፤ የፋሲል መዋኛ ዛፎች ግንብ ላይ ሥር ሰደው ይኖሩ የለም ወይ?» የሚልም አይጠፋም። ይኖራሉ። ያ ሁሉ ሥር የሚመገበው ቅርፊቱ ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ስለደረሰለት ነው።

«ግንድ መቁረጥ ያስተማራቸው መምህሩ ነው» የሚለውን ግን ለመቀበል እንቸገራለን። መምህሩ ያሠራው በቆስጣ ነው፦ የቅጠሉ ነጭ እጀታ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ጫፉ ይቆረጣል (በአየር ላይ ከተቆረጠ አረፋ ገብቶ ቱቦውን ይዘጋል)፤ ቀይ የምግብ ቀለም ባለበት ብርጭቆ ያድርና በማግስቱ አግድም ሲቆረጥ ዛይለሙ በቀይ ነጠብጣብ ይታያል። ከአንድ እስር ቆስጣ ወደ ዋንዛ ማን እንዳሸጋገራቸው እኛም መጠየቅ እንፈልጋለን።

አራተኛው ዛፍ የተላጠው ከዙሪያው ሲሶ ያህል ብቻ ስለሆነ ይተርፍ ይሆናል። የተንጠለጠለውን ልጥ በስለታም ቢላ አስተካክለን ቁስሉ እንዲደርቅ ትተነዋል፤ ቀለምም ጭቃም አልቀባንም፣ እናንተም እንዳትቀቡ። ለሦስቱ ሰኔ ላይ፣ ልጡ ከእንጨቱ በቀላሉ ሲላቀቅ፣ ከራሳቸው ቅርንጫፍ እርሳስ የሚያካክሉ እንጨቶች ቆርጠን አንዱን ጫፍ ከቁስሉ በታች፣ ሌላውን በላይ ልጡ ሥር ሰክተን እናስራለን። የእንጨቱ ላይና ታች ከተገለበጠ ስለማይሠራ ልጆቹን አናስነካም። እስከዚያ ከቆዩልን ነው።

«ውሃ በፈረቃ በምናገኝበት ከተማ ልጄ ውሃ ይሸከማል?» ለምትሉ፣ ከቤት አንድ ሊትር እንኳ አልጠየቅንም። ውሃው ከትምህርት ቤቱ ታንከር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአንድ ችግኝ 10 ሊትር፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ በተቆፈረው ክብ ቦይ ይፈስሳል። ገንዘብም አልጠየቅንም፤ ይህን በድጋሚ የምንጽፈው በድጋሚ ስለተጠየቅን ነው።

አሁንም ቅሬታ ያለው ወላጅ ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይምጣ። ውይይቱ የሚካሄደው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ከዋንዛዎቹ ሥር ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር