ያረጀውን ጆተኒ ለቁራሌው አትስጡት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ክረምት በገባ ቁጥር በደሴና በኮምቦልቻ ሰፈሮች የሚደጋገም ነገር አለ። በረንዳ ላይ ዝናብ ሲመታው የከረመ ጆተኒ፣ ማለትም የጠረጴዛ እግር ኳስ፣ ዘንጉ አልንቀሳቀስ ይላል። ባለቤቱ መጀመሪያ የሞተር ዘይት ያፈስበታል። አልሆን ሲለው ብየዳ ቤት ይወስደዋል። በመጨረሻ ዘንጎቹ ተነቅለው በኪሎ ለቁራሌው ይሸጣሉ፣ ሳጥኑም ማገዶ ይሆናል። በዚህ ጥገና ላይ የምንሠራ ሰዎች ይህን ስናይ ያንገበግበናል። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ነገር ከጣት ቀለበት ብዙም የማይበልጥ ናይለን ነውና።

እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሰርልስ ቶርንተን የጠረጴዛ እግር ኳስን የፈጠራ መብት ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 ነው። በዘንግ ላይ የተሰኩ ተጫዋቾች፣ በዘንጉ መሳብና መዞር የሚመታ ኳስ፤ ዋናው ሐሳብ ዛሬም ይኸው ነው። ልዩነቱ አሠራሩ ላይ ነው። በደንብ የተሠራ አሮጌ ጆተኒ ሳጥኑ ወፍራም እንጨት፣ ዘንጉ ክሮም የተቀባ ብረት፣ ሜዳው ፎርማይካ ወይም ደብዘዝ ያለ ወፍራም መስታወት፣ ተጫዋቹ በስፒና፣ ማለትም ተጫዋቹንና ዘንጉን አልፎ በሚያያይዝ ትንሽ የብረት ችንካር፣ የተያዘ አሉሚኒየም ነው። እግሩ በቡሎን ይታሰራል እንጂ በምስማር አይመታም። ማለትም ሁሉም ነገር ይፈታል። የሠራው ሰው አንድ ቀን እንደሚጠገን አስቦ ነው የሠራው። በቺፑድና በስስ ቱቦ የተገጣጠመው አዲሱ ግን አንዴ ውሃ ከጠጣ ብሎኑን የሚይዝ እንጨት አይተርፈውም።

ዘንግ ሲጠብቅ ማለስለሻ ከመፈለግ በፊት ምክንያቱን መለየት ያስፈልጋል። ዘንጉን ከዳር እስከ ዳር ሳቡት፣ ከዚያም በቀስታ አዙሩት። በጉዞው ሁሉ እኩል የሚከብድ ከሆነ ቦኮላው፣ ማለትም ዘንጉ ግድግዳውን የሚያልፍበት የናይለን ቀለበት፣ ቆሽሿል ወይም አብጧል። ሲዞር አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ዘንጉ ጎብጧል። ወደ አንዱ ጫፍ ሲደርስ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ሳጥኑ ተጣሞ የሁለቱ ግድግዳ ቀዳዳዎች ትይዩነታቸውን አጥተዋል። የሦስቱም መድኃኒት የተለያየ ነው።

ናይለን እርጥበት ይመጣል፣ ሲመጥም ያብጣል። ወሎ ደግሞ በልግም ክረምትም ይዘንብበታል። ስለዚህ በነሐሴ የጠበቀ ቦኮላ በሞረድ አይነካም። ጠረጴዛው ደረቅ ቤት ውስጥ ጥቂት ቀናት ይሰንብት፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይለቃል። በነሐሴ ሞርዶ ያሰፋው ሰው በጥር ዘንጉ ሲንቀጫቀጭ ያገኘዋል፤ የተንቀጫቀጨ ዘንግ ደግሞ ቀዳዳውን እንቁላል ቅርጽ እያደረገ ይበላዋል። በእርግጥ ያለቀ ከሆነ አዲስ ማስቀረጽ ቀላል ነው። ቶርኖ ቤት (ብረትና ናይለን በማሽን እያሽከረከሩ የሚቀርጹበት) የናይለን ዘንግ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለስምንቱ ዘንጎች 16 ቦኮላ ያስፈልጋል፣ 20 ይቀረጽላችሁና አራቱ ለመጠባበቂያ ይቀመጡ። ዘንጉን በካሊፐር ሦስት ቦታ ለኩ። 16 ሚሊ ሜትር ከሆነ የቦኮላው ውስጥ 16.3 ይሁን። ልክክ ያለ ከተቀረጸ በመጀመሪያው ዝናብ ይነክሳል። መለኪያውም ሆነ ቀረጻው ከጥቅምት በኋላ፣ አየሩ ሲደርቅ ቢሆን ይመረጣል።

ዘይትን በተመለከተ ማስጠንቀቂያችን አጥብቀን የምንናገረው ነው። የሞተር ዘይት፣ የምግብ ዘይት፣ ግራሶ፣ አንዱም አይገባም። የመንገድ አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ክሮሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። የተረፈው ወደ ሜዳው ይንጠባጠብና ኳሱ ከተጫዋቹ እግር ሥር ያመልጣል። ትክክለኛው የሲሊኮን ዘይት ነው። ዘንጉን መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ቦኮላ ውስጥ በሚመላለሰው ክፍል ላይ በየጎኑ ሁለት ወይም ሦስት ጠብታ አድርጉ፣ ዘንጉን ደጋግማችሁ ሳቡት፣ የተረፈውን ጥረጉ። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ጆተኒ በሳምንት አንዴ ይበቃል።

ዘንግ የሚጎብጠው በጨዋታ ሳይሆን ጠረጴዛው በእጀታው ተይዞ ሲነሳ ወይም ሰው ሲቀመጥበት ነው። ሲጫን እግሮቹ ይፈቱ፣ ሳጥኑ ከሥር ይያዝ። የጎበጠውን ለማወቅ የተጫዋቹን እግር ከሜዳው የሚለየውን ክፍተት እዩ፤ ጤነኛው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዘንጉ ወደ ዳርና ወደ ዳር ሲሳብ ክፍተቱ መለዋወጥ የለበትም። የጎበጠውን ዘንግ አውጥታችሁ ወፍራም መስታወት ላይ አንከባልሉት፣ ከፍ የሚለውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በሁለት እንጨቶች ላይ አጋድማችሁ፣ ሌላ እንጨት ጣልቃ አግብታችሁ በክብደት ጫኑት። ጥቂት ጫን፣ መልሶ ማንከባለል፣ እንደገና ጫን። በመዶሻ የተመታ ባዶ ቱቦ ይሰረጉዳል፣ የተሰረጎደ ደግሞ በቦኮላ አያልፍም።

ትልቁ ጥፋት ግን ብየዳ ነው። ተጫዋቹ ሲላላ የተበላው ስፒናው ወይም የስፒናው ቀዳዳ ነው። ብየዳ ቱቦውን በሙቀት ያጣምመዋል፣ ክሮሙን ያቃጥለዋል፣ ከዚያ በኋላ ያ ዘንግ አይፈታም። በምትኩ ዘንጉን ቪ ቅርጽ በተቆረጠ እንጨት ላይ አስደግፋችሁ ስፒናውን ቀጥ ባለ ብረት መትታችሁ አውጡ። ቀዳዳው ከሰፋ ተጫዋቹንና ዘንጉን አንድ ላይ ይዛችሁ ከ5 ወደ 6 ሚሊ ሜትር ብሱ። ለየብቻ ከተበሱ ተጫዋቹ አቅጣጫውን ይስታል። አምስቱ አማካዮች ሲደረደሩ ቀጥ ያለ ጣውላ በእግራቸው ሥር ይደረግ፤ አንዱ ጣውላውን ካልነካ ስፒናው በትክክል አልገባም።

በተጫዋቹና በግድግዳው መካከል ያለው ጎማ ካለቀ አሉሚኒየሙ ቦኮላውን እየመታ ይሰነጥቀዋል። ከአሮጌ ካላማዳሪያ ክብ ክብ አድርጎ ቆርጦ መደራረብ፣ ፊቱ ላይ ሮንዴላ (መሀሉ ቀዳዳ ያለው ክብ ስስ ብረት) ማድረግ በቂ ነው።

ሜዳው በባልዲ አይታጠብ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። መሀሉ መስመጡን ለማወቅ ከጎል እስከ ጎል ሲባጎ ወጥሩ፤ ከሰመጠ ከሥር ያለው አግዳሚ ሞራሌ ላልቷል፣ ከፍ አድርጎ መልሶ ማሰር ነው። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ጠረጴዛው በውሃ ልክ በርዝመትም በወርድም ይስተካከል። ከእግሩ ሥር ካርቶን ማጠፍ ለአንድ ቀን ነው፤ ዳዶ ያለው ቡሎን መግጠም ይሻላል። ኮምቦልቻና ባቲ አካባቢ ደግሞ እግሩ አፈር እንዳይነካ፣ ምስጥ ከሥር ገብቶ ሳጥኑን ሳይታወቅ ይጨርሰዋል።

መጋዘን ውስጥ አሮጌ ጆተኒ ያላችሁ የሆቴል ባለቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ወጣት ማዕከላት፣ የግድ የምትለቁት ከሆነ እንኳ ዘንጉን ለብቻ፣ ሳጥኑን ለብቻ አትሽጡት። 22ቱ ተጫዋቾች ከነዘንጋቸው አንድ ላይ ይቆዩ። የአንዱ ተጫዋች ለሌላው የሚሆነው የዘንጉ ውፍረት እኩል ሲሆን ብቻ ነውና፣ ልኩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከሳጥኑ ውስጥ ለጥፉበት።

ከአክብሮት ጋር
የጆተኒ ጠጋኞች፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ