ታወሩ ማሳችን ውስጥ ቆሞ ወፍጮው ለምን ይቆማል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በአምባሰል ወረዳ፣ ከውጫሌ ወጣ ብላ በምትገኝ ቀበሌ ወፍጮ ቤት አለኝ። በራፌ ላይ ስቆም ከኮምቦልቻ ወደ አላማጣ የሚሄደው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ታወሮች ይታዩኛል። ማታ መብራቱ ሲደክም ትንሹ ልጄ «እማዬ፣ መብራቱ በላያችን እያለፈ እኛ ለምን በኩራዝ እናጠናለን?» ይለኛል። ብዙ ጊዜ መልስ አልነበረኝም።

ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ወፍጮ ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ማሽላ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል። መሸት ሲል የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ያጓራል፣ ግን አይዞርም። ቺንጋው ተንሸራተተ፤ ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። መብራት አልጠፋም እኮ! አምፖሉ እንደ ጧፍ ደብዝዞ በርቷል። ሞተሩን በአይሱዙ ደሴ ወስጄ የመዳብ ሽቦውን እንደ አዲስ አስጠቀለልኩ። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። እናቶች እህላቸውን መልሰው ጭነው፣ «እታለም፣ አይዞሽ» እያሉኝ ሄዱ። ለጾም የሚሆን ዱቄት ሳይዙ።

በኋላ አንድ የመስመር ሠራተኛ ነገሩን አስረዳኝ። በታወሩ የሚያልፈው ኃይል እንዲሁ ተቀንጥሶ ቤት አይገባም። መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ገብቶ፣ በትልልቅ ትራንስፎርመሮች ወደ 33 ወይም ወደ 15 ኪሎ ቮልት ይወርዳል። ከዚያ ከጣቢያው በሚወጣው መስመር፣ «ወጪ መስመር» በሚሉት፣ ገጠር ለገጠር ይጓዛል። መጨረሻ ላይ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ለቤት 220፣ ለእኔ ሞተር 380 ቮልት ያደርገዋል። ወጪ መስመሩ ሲረዝምና ተጠቃሚው ሲበዛ ቮልቱ መንገድ ላይ ያልቃል። በሽቦው የሚሄደው ከረንት እጥፍ ሲሆን መንገድ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል አራት እጥፍ ነው። እኔ ጋ በዚያ ምሽት ሰዓት ሲለካ 310 ቮልት ሆኖ ተገኘ። ሞተር ደግሞ ቮልት ሲያንሰው ጭነቱን ላለመልቀቅ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል።

ለልጄ ይህን ነገርኩት። ገባው።

ስለዚህ ቅሬታዬ በጣቢያው ላይ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ እኛ በመጣ ጊዜ መብራት ጠፍቶ፣ እህል ተሸክመን የናፍጣ ወፍጮ ፍለጋ ስንንከራተት ጥቅሙን በደንብ አውቀነዋል። የታወር ብረት ፈትቶ ለቁራሌው የሚሸጥ ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንድ ታወር በነፋስ ቢወድቅ የሚጨልመው የእሱም ቤት ነው።

የምጠይቀው ሌላ ነው። ጣቢያ ሲስፋፋ ስለ ሜጋ ዋት ይነገረናል። ከጣቢያው የሚወጣው መስመር ስንት ቀበሌ እንደተሸከመ፣ ጫፍ ላይ ስንት ቮልት እንደሚደርስ ግን አይነገረንም። እባካችሁ የሚመለከታቸውን ጠይቁልን። ለኛ አካባቢ ሁለተኛ ወጪ መስመር ታስቧል? ካልታሰበ፣ ጭነት የሚበዛበት ሰዓት ቀድሞ ይነገረንና እኔም በዚያ ሰዓት ሞተሬን ላጥፋ። ማሽላው ሌሊት ይፈጫል። እናቶቹም ሌሊት ለመምጣት ተስማምተዋል።

የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ከአምባሰል