ስለ ሁለቱ ኢንቦክስ ለአባቴ

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? የእማማ ጉልበትስ የጦሳን ብርድ እንዴት ቻለው? እኔና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ለመግባት አንድ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስቅዎት አይቀርም። ነገር ግን ኢሜይልዎ ላይ ኢንቦክስ፣ ማለትም የገቢ ደብዳቤዎች ፎልደር፣ ሁለት ሆኖ ስለታየዎት ባለፈው ማክሰኞ በስልክ «ሁለተኛውን ይክፈቱት» ስልዎት እርስዎ «ሁለተኛው የቱ ነው?» እያሉ፣ እኔም ሳላየው እየመለስኩ፣ ሁለታችንም ተደናግረን ስልኩን መዝጋታችን ስላልተዋጠልኝ፣ ነገሩን በወረቀት አስፍሬ በጎረቤታችን ልጅ እጅ ልኬልዎታለሁ። ወረቀቱን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጠው ቀስ ብለው ይመልከቱት።

አስቀድሜ የምለምንዎት ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ኢሜይልዎን በሚያነቡበት ፕሮግራም፣ በተንደርበርድ ውስጥ ምንም ነገር እንዳይሰርዙ ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ፎልደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ሲታዩ አንዱ ትርፍ ነው ብሎ ማሰብ የማንም ሰው አስተሳሰብ ነው። ሆኖም እርስዎ ኮምፒውተር ላይ የሚያዩት «ሁለት» ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ያው አንድ ወረቀት በሁለት በኩል ሲታይ ነው፣ አንዳንዱ እውነተኛ ግልባጭ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ስሙ ብቻ የሚመሳሰል፣ ከዋናው ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ነው።

መልሱን እርስዎ ራስዎ በስልክ ነግረውኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላስተዋልኩት። «አንደኛው ኢንቦክስ ሰባት ያልተነበበ ይላል፣ ሁለተኛውም ሰባት ይላል» ካሉ በኋላ አንዷን ደብዳቤ ከፍተው ሲያነቡ ሁለቱም ላይ ስድስት ሆነ ብለው ተገርመው ነበር። ሁለት የተለያዩ ክላሰሮች ቢሆኑ ኖሮ ከአንደኛው አንድ ወረቀት ስላነበቡ የሌላኛው ቁጥር አይቀንስም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ኢንቦክሶች አንድ ናቸው ማለት ነው። ተንደርበርድ በግራ በኩል ያሉትን ፎልደሮች በተለያየ አደራደር ሊያሳይ ይችላል። አንዱ አደራደር ኦል ፎልደርስ ይባላል፣ ሁሉንም በየአካውንቱ ይዘረዝራል። ሌላው ዩኒፋይድ ፎልደርስ ይባላል፣ የሁሉንም አካውንት ኢንቦክስ አንድ ላይ ይሰበስባል። ሁለቱም ላይ ምልክት ከተደረገ ሁለቱም ዝርዝር ከላይና ከታች ይደረደራል፣ ያው አንድ ኢንቦክስም ሁለት ጊዜ ይታያል። ይህን ለማስተካከል የኪቦርዱን ኦልት ቁልፍ አንድ ጊዜ ይጫኑ፣ ከላይ ከሚመጣው ዝርዝር ቪው የሚለውን፣ ቀጥሎም ፎልደርስ የሚለውን ይክፈቱና ዩኒፋይድ ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። ከደብዳቤዎችዎ አንድም አይነካም፣ የሚነሳው ሁለተኛው ዝርዝር ብቻ ነው።

ወንድሜ የላከውን የቤቱን ካርታ ቅጂ «ትርፉን ነው» ብለው ከአንዱ ኢንቦክስ ሲሰርዙት ከሁለቱም የጠፋው፣ ከስልክዎም ላይ ጭምር የጠፋው፣ በዚሁ ምክንያት ነው። አካውንትዎ የሚሠራው አይማፕ በሚባል አሠራር ነው። ይህ አሠራር ማርክ ክሪስፒን በተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1986 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን፣ ሐሳቡ ደብዳቤው ዋናው መዝገብ ቤት፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ባለጉዳዩ ከየትም ሆኖ እንዲያየው ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር አንድ መስኮት ነው፣ ስልክዎም ሌላ መስኮት ነው፣ ፋይሉ ግን አንድ ነው። በአንዱ መስኮት ቀርበው «ይህን አውጡልኝ» ካሉ ሌላው መስኮት ላይ የቆመውም ሰው አያገኘውም። ፖፕ በሚባለው በቀደመው አሠራር ደብዳቤው ወደ ኮምፒውተርዎ ስለሚወርድ ነገሩ ሌላ ነበር። የድሮ ጓደኛዎ «እኔስ ብሰርዝ ስልኬ ላይ ይቀራል» ያሉዎት ምናልባት የእርሳቸው በዚያ መንገድ ስለሚሠራ ይሆናል።

ካርታው ግን አልጠፋም፣ እማማንም ያረጋጉልኝ። ጂሜይል የተሰረዘ ደብዳቤን ትራሽ ውስጥ 30 ቀን ያቆያል። የሰረዙት መስከረም 28 ቀን ስለሆነ እስከ ጥቅምት 28 ድረስ ጊዜ አለ፣ ቢሆንም ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ይመልሱት። ትራሽ የሚለውም ሁለት ሆኖ ስለሚታይዎት የሚከፍቱት ከኢሜይል አድራሻዎ ሥር፣ ጂሜይል በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ነው። ደብዳቤውን በማውሱ ይዘው ኢንቦክስ ላይ ይጣሉት።

ከዝርዝሩ ግርጌ ያለው ሁለተኛው ትራሽ ሎካል ፎልደርስ በሚል ስም ሥር ነው። እዚህ ላይ ረጋ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚያሰጋኝ ይኸኛው ነው። ሎካል ፎልደርስ የማንም ግልባጭ አይደለም። ሰርቨር ላይም፣ ስልክዎም ላይ የለም፣ ያለው በዚያ በዳንቴል በተሸፈነው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ብቻ ነው። ክረምት ላይ «ለብቻ ላስቀምጣቸው» ብለው የጡረታውን ደብዳቤዎች የጎተቱት ወደዚያ እንደነበር አስታውሳለሁ። ወደዚያ ሲጎተቱ ከኢንቦክስ ስለተነሱ አሁን ያላቸው ቅጂ ያ ብቻ ሊሆን ይችላል። «ይህም ድግግሞሽ ነው» ብለው ቢያጠፉት፣ ወይም መብራት ሲሄድና ሲመጣ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ፣ እኔም ሆንኩ ማንም የምንመልሰው ነገር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ እነዚያን ደብዳቤዎች ወደ አድራሻዎ ሥር ወዳለ ፎልደር መልሰው ይጎትቷቸው። ከዚያ በፊት ግን ሄልፕ ከሚለው ውስጥ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን የሚለውን ከፍተው፣ ፕሮፋይል ፎልደር ከሚለው አጠገብ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑ የሚመጣውን ፎልደር፣ ተንደርበርድን ዘግተው፣ እንዳለ ወደ ፍላሽ ይገልብጡት። እርስዎ «ሳይገለበጥ ፋይል አይወጣም» እያሉ ሰው ሲያስመርሩ የኖሩ ስለሆነ በዚህ የሚቃወሙኝ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ሰንት የሚልና ሰንት ሜይል የሚል፣ ሁለት የወጪ ደብዳቤ ፎልደሮች ያሉዎት በእኔ ምክንያት ነው። ጂሜይል በእርሱ በኩል የወጣን ደብዳቤ ሁሉ ራሱ ሰንት ሜይል ውስጥ ያስቀምጣል፣ ተንደርበርድም ይህን ስለሚያውቅ ለጂሜይል አካውንት ሌላ ግልባጭ አያስቀርም። እኔ ለመስቀል በመጣሁ ጊዜ ቡናው ሳይፈላ ልጨርሰው ብዬ ቸኩዬ፣ «ግልባጭ ቢኖር ምን ይጎዳል» በሚል ግልባጭ እንዲያስቀር ምልክት አደረግሁበት፣ የሚያስቀምጥበትንም ሰንት የሚባል አዲስ ፎልደር አደረግሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የላኩት ደብዳቤ ሁሉ በሁለቱም ቦታ ይታያል። እርስዎ «ምን ነክቼ ይሆን» እያሉ ራስዎን ሲወቅሱ ሰንብተዋልና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለማስተካከል የአድራሻዎን ስም በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ይጫኑት፣ ሴቲንግስ ይክፈቱ፣ ኮፒስ ኤንድ ፎልደርስ በሚለው ገጽ ላይ ፕሌስ ኤ ኮፒ ኢን የሚለውን ምልክት ያንሱ። ከዚያ በኋላ ለእኔ አንዲት መስመር ጽፈው ይላኩና ሰንት ሜይል ውስጥ ብቻ መግባቷን ይዩ።

ቀድሞ የተጠራቀመውን የሰንት ፎልደር ለጊዜው አይሰርዙት። ዓይንዎን ከረበሸው አድራሻዎን በቀኝ ቁልፍ ተጭነው ሰብስክራይብ ከሚለው ውስጥ ከስሙ አጠገብ ያለውን ምልክት ቢያነሱ ከፊትዎ ይሰወራል፣ ሰርቨሩ ላይ ግን እንዳለ ይቆያል። በነገራችን ላይ ይህ የወጪ ፎልደር ስም ነገር የእኛ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። አንዱ ፕሮግራም ሰንት ይለዋል፣ አውትሉክ ሰንት አይተምስ ይለዋል፣ የአፕል ሰንት መሴጅስ ይለዋል። እያንዳንዱ የሌላውን ሳያውቅ የራሱን ከፍቶ ያስቀምጣል። ሰርቨሩ «የወጪው ይህ ነው» ብሎ ለሁሉም እንዲያመለክት የሚያስችል ስምምነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ አይማፕ ከተጀመረ ከ25 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እርስዎ ቢሆኑ የፋይል ቁጥር ሳይሰጡ መዝገብ ቤት አይከፍቱም ነበር።

ኦል ሜይል የሚለው ፎልደር ውስጥ ሁሉንም ደብዳቤ ዳግመኛ ማግኘትዎም አያስደንግጥዎት። ጂሜይል ውስጥ ደብዳቤው አንድ ሆኖ ስያሜ ይለጠፍበታል፣ ተንደርበርድ ግን እያንዳንዱን ስያሜ ፎልደር አድርጎ ያሳያል። ኦል ሜይል እንዲያውም ጠቅላላው መዝገብ ስለሆነ እዚያ ገብቶ «የተደገመውን ላጽዳ» ማለት ዋናውን መቅደድ ነው። እንዳይታይዎት ከፈለጉ እርሱንም በሰብስክራይብ መሰወር ይቻላል።

የእህቴ ልጅ ሞክረው ያለዎትን ሪፔር ፎልደር ቢጫኑት ጉዳት የለውም፣ ነገር ግን የሚሠራው የፎልደሩን ማውጫ እንደገና መጻፍ ነው። ቁጥሩ ከደብዳቤው ብዛት ጋር አልገጥም ሲል ይረዳል፣ ሁለተኛን ፎልደር ግን አያነሳም።

እንግዲህ የዛሬ ሥራዎ ካርታውን ከትራሽ ማውጣት፣ ወደ ፍላሽ መገልበጥና የጡረታውን ደብዳቤዎች መመለስ ነው። ሌላው ቢቆይም አይጎዳም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ፣ የሰንት ፎልደሩንም አንድ በአንድ አይተን አብረን እናጸዳዋለን። በዚህ መሐል ዝርዝሩ ውስጥ ያልጻፍኩልዎት ሌላ ጥንድ ካዩ ስሙንና በየትኛው ስም ሥር እንዳለ፣ አጠገቡ ያለውንም ቁጥር በዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፈው ያቆዩልኝ።

እማማን ጉልበቷን ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ