ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያውን እንድረስለት፦ ለቀድሞው ትምህርት ቤታችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በደሴና ከደሴ ውጭ ለምትኖሩ የሰፈራችን ልጆች፣ የዕድር አባላትና የቀድሞ ተማሪዎች በሙሉ፦

እንደሰማችሁት የበልጉ ዝናብ ከቀድሞው ትምህርት ቤታችን ጣሪያ በጦሳ ተራራ በኩል ያለውን ክንፍ አውርዶታል። ሰው አልተጎዳም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን። የግድግዳው አናት ግን ተገልጦ ቀርቷል። ድንጋዩ የተገነባው በጭቃ ስለሆነ ውሃ ከላይ ከገባበት ጭቃው ይታጠባል፣ ድንጋዩ ይላላል። ለጊዜው ሸራ አልብሰነዋል፤ የሐምሌን ዝናብ ግን ሸራ አይመልሰውም።

«እስከ ዛሬ ያዋጣነው ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ጥያቄ በየለቅሶ ቤቱ ይነሳል። መጠየቁ ተገቢ ነው። አብዛኛው መሬት ውስጥ ነው ያለው። የኋላው ግድግዳ ወደ ውጭ ማዘንበል ጀምሮ ስለነበር፣ አንድ አንድ ሜትር ብቻ እየተቆፈረ መሠረቱ በድንጋይ ተደግፏል፤ የተሰነጠቀው ማዕዘን ፈርሶ እንደገና ተገንብቷል። የፊቱም የሲሚንቶ ልስን ተፍቆ በኖራ ተተክቷል። የጭቃ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ላዩ ደረቅ መስሎ ውስጡ ይበሰብሳል። ኖራው ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል፦ ቢያንስ 2 ሳምንት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ 1 እጅ ኖራ ከ3 እጅ አሸዋ ጋር ይቦካል፣ ስስ ተደርጎ በ2 ዙር ይለሰናል፣ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። ጣሪያው ለምን አልቀደመም ለምትሉን፣ በሚንቀሳቀስ ግድግዳ ላይ አዲስ ጣሪያ ማውጣት ገንዘብ መጣል ነው። ያ ሁሉ እንጨት ሲወርድ የኋላው ግድግዳ ንቅንቅ አላለም። ደረሰኙም ቃለ ጉባኤውም በዕድሩ ቤት አለ፤ መጥታችሁ እዩ።

ጣሪያውን የጣለው የቆርቆሮው እርጅና አይደለም። የጣሪያውን ውሃ የሚቀበለው ካናሌ በጽድ ቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ግድግዳው ራስ ሲመለስ ኖሯል፤ ወራጆቹ የሚያርፉበት አግዳሚ እንጨት በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ስለዚህ ቆርቆሮ መቀየር ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ለወረደው ክንፍ 25 ወራጅ፣ ባለ 4 ሜትር ሞራሌ 49፣ ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ 108፣ ካናሌ 25 ሜትር፣ ጎማ ያለው የቆርቆሮ ሚስማርና ሙሉ አግዳሚው ያስፈልጋል። ከጦሳ የሚወርደውን ጎርፍ ለመመለስም ከግድግዳው 1 ሜትር ተኩል ርቆ፣ በየ10 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር እየዘቀጠ የሚሄድ በጠጠር የተሞላ ቦይ ግማሹ ይቀራል። በዓይነት የምትሰጡ ወገኖች፣ እባካችሁ ስስ ቆርቆሮና እርጥብ ባሕር ዛፍ አታምጡ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩን ይነቅላል።

ቤቱ ሲያልቅ ቤተ መጻሕፍት፣ ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የማታ ማጥኛና የዕድር አዳራሽ ይሆናል። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የደሴ ሙዚየም ሆኖ ስንት ትውልድ አስተምሯል። በ2014ቱ ጦርነት ሙዚየሙ ሲዘረፍ ያላዘነ ደሴዬ የለም፤ ይህን ቤት ግን እኛው እያየነው ዝናብ እንዲወስደው መፍቀድ የለብንም። ልጆች የሚማሩበት ቤት ለሙስሊሙ ሰደቀቱል ጃሪያ (ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት)፣ ለክርስቲያኑ ምጽዋት ነው፤ ለሁላችንም የአገር ዕዳ ነው። መዋጮው ከቀዘቀዘ ሰንብቷል፤ ደጋግመን በመለመናችንም አትታዘቡን። የአንድ ቆርቆሮ ዋጋ የምትችሉ አንድ፣ ከወዳጅ ጋር ተጋርታችሁ የምትችሉም ግማሹን ስጡ።

ገንዘቡን በንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተው፣ በ3 ፊርማ በሚንቀሳቀሰው ሒሳብ ብቻ አስገቡ። የሒሳብ ቁጥሩ በዕድሩ ቤት በርና በቀድሞ ደረሰኞቻችሁ ላይ አለ። በግለሰብ ስልክ ወይም በግለሰብ ሒሳብ አንቀበልም፤ «ለጣሪያው ነው» ብሎ የሚደውልላችሁ ቢኖር እንዳትልኩ። በድጋሚ፦ በኮሚቴው ስም፣ ንግድ ባንክ፣ ምክንያቱ ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ወረቀቱን ለዕድሩ ጸሐፊ አሳይታችሁ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። እንጨቱ ከግንቦት 15 በፊት መገዛት ስላለበት፣ ከዚያ በፊት አስገቡልን።

የትምህርት ቤቱ ጥገና ኮሚቴ፣ ደሴ